ጆንያ በአባልነት የተቆጠረበት የወፍጮ ቤት ስብሰባ

የታሪካዊው እርሻ ግቢና የሚሠራው ወፍጮ ጉብኝት አስተባባሪ ኮሚቴ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ አሮጌው የብርቱካን እርሻ ግቢ፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ
የተጠራበት ሰዓት፦ 3:00፤ የተጀመረበት፦ 4:25

የተገኙ
አቶ ኃይለመለኮት፦ ሰብሳቢ
አቶ ሰማታር፦ አባል፣ ትራንስፖርት (ሦስት ባጃጅ አላቸው)
ወ/ሮ ሙኒያ፦ አባል፣ መስተንግዶ
ሃሊሞ፦ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሱት፣ ሁላችንም ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምንላቸው፤ ድምፅ አይሰጡም
ዐያን ጦልሃ፦ ጸሐፊ፣ ጊዜያዊ ቅጥር፤ የጉብኝቱን ሐሳብ በአሥራ አራት ገጽ ያቀረበች፤ ድምፅ አትሰጥም

ለምልዓተ ጉባኤ አራት አባላት ያስፈልጋሉ። አራተኛው አባል አቶ ዘርዓብሩክ፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ስለመጣ ድልድዩ ላይ መኪና ተዘጋግቶ መቅረታቸውን በስልክ አሳውቀዋል። ሆኖም የማሽላ ጆንያቸው ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ይዟል። አቶ ሰማታር፣ «አቦ፣ እዚህ ቤት ጆንያው ከተሰለፈ ባለቤቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ማን ተከራክሮ ያውቃል?» ብለዋል። ኤዶ ሃሊሞም ደንቡ ይኸው መሆኑን ስላረጋገጡ ጆንያው በአባልነት ተመዝግቦ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ «የሚሠራ ወፍጮ» የሚለውን ስለመጠበቅ

ቅዳሜ ሠላሳ እንግዶች ይመጣሉ። ሰብሳቢው በሰጡት ሰፊ ማብራሪያ የሚሠራ ነገር ሁሉ እንደሚያልቅ፣ ስለዚህ ይህ ወፍጮ ለመጪው ትውልድ የሚሠራ ሆኖ እንዲተላለፍ መሥራት ማቆም እንዳለበት አስገንዝበዋል። ወ/ሮ ሙኒያ ዱቄቱ የእንግዳ ልብስ እንደሚያበላሽ በማከል ደግፈዋል። አቶ ሰማታር የወፍጮውን ድምፅ በስልክ ቀድተው በባጃጅ ስፒከር ሊያሰሙ ቃል ገብተዋል።

ኤዶ ሃሊሞ አርባ ዓመት ድንጋዩን እየወቀሩ እንጀራቸውን የበሉበት ሥራ መሆኑን ገልጸው፣ «የሰፈሩ ማሽላስ የት ይሂድ?» ብለዋል። ጥያቄው «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ እንዲታይ ተደርጓል። ለጊዜው ግን የባህል ልብስ ለብሰው ወፍጮው አጠገብ የመቀመጥ ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል። «የምታስጎበኙት እኔን ነው ወፍጮውን?» ቢሉ ሰብሳቢው ሁለቱንም መሆኑን በአክብሮት አስረድተዋል።

ጸሐፊዋ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ «እንግዶች እህል ይዘው መጥተው ያስፈጩ» የሚል እንዳለ ለማስታወስ እጇን አውጥታ ነበር። ሰብሳቢው «ልጄ፣ አንቺ ጻፊ» ብለዋታል። ጽፋለች።

ውሳኔ፦ ወፍጮው ከነገ ጀምሮ እንዲቆም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የአቶ ዘርዓብሩክ ጆንያ ስላልተቃወመ እንደደገፈ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 2፦ የእንግዶች መቀመጫ

ወንበር ስለሌለ በወረፋ ያሉት ሃያ ሁለት ጆንያዎች ጨርቅ ለብሰው እንዲያገለግሉ ሰብሳቢው ሐሳብ አቀረቡ። ትልቁ ለክብር እንግዳው ሲመደብ ወ/ሮ ሙኒያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለአራስ ልጄ ገንፎ የመጣ ገብስ ላይ ሰው አይቀመጥም!» ብለዋል። የክብር እንግዳው ክብደት ስንት እንደሆነ አርባ ደቂቃ የፈጀ ውይይት ተካሂዷል።

ውሳኔ፦ የክብር እንግዳው በቆሎ ላይ እንዲቀመጡ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ኤዶ ሃሊሞ ጥያቄያቸውን ደገሙ። ሰብሳቢው ጉዳዩ መወሰኑን ገለጹ።

ኤዶ ሃሊሞ፦ «የዘርዓብሩክ ጆንያ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?»
ሰብሳቢው፦ «ሊፈጭ ነዋ።»
«ታዲያ ሊፈጭ የመጣ ጆንያ ወፍጮው ይቁም ብሎ እንዴት ደገፈ?»

ሰብሳቢው እንግዲያውስ ጆንያ ሰው አይደለም አሉ። ኤዶ ሃሊሞ፣ ካልሆነ ሦስት ብቻ ስለሆናችሁ ስብሰባም የለም አሉ። ሰብሳቢው ሰው ነው አሉ። ኤዶ ሃሊሞ፣ ከሆነ የቀሩት ሃያ አንዱም ሰዎች ናቸውና ጠይቋቸው አሉ። አቶ ሰማታር «ወላሂ ተያዝን» ያሉት በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ሙኒያ ገብሳቸውን አየት አድርገው ድጋፋቸውን አንስተዋል።

በ6:40 አቶ ዘርዓብሩክ እስከ ጉልበታቸው ርሰው በእግር ደረሱ። ጆንያቸው ላይ ለተቀመጡት ለአቶ ሰማታር፣ «ወሪያ፣ አንተ፣ ተነሳ፤ ተራዬ ደርሷል» አሉ። በአጀንዳ 1 ላይ ስለሰጡት ድጋፍ ሲጠየቁ «የምን ስብሰባ? እኔ ዱቄት ፈልጌ ነው» ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው፣ ጆንያውን አባል ያደረገውም ጭምር፣ ተሽሯል፤ ስብሰባውም እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ኤዶ ሃሊሞ ሞተሩን ሲያስነሡ ሰብሳቢው የመዝጊያ ንግግር ላይ ነበሩ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ቅዳሜን በተመለከተ ጸሐፊዋ ጆሯቸው ድረስ ተጠግታ ብትጠይቃቸው ኤዶ ሃሊሞ፣ «ይምጡ፤ እህል ይዘው ይምጡ። የክብር እንግዳውም ወረፋ ይያዝ» ብለዋል።

ያልተደረገው ስብሰባ በ6:50 ተበትኗል።

ጸሐፊ፦ ዐያን ጦልሃ

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ወረቀት ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ማጥፊያ ቀለም አይደለም። ዱቄት ነው።