ባለ አንድ በሩ ጎተራ

ምስጢር መጠበቅ ከክቡር ሥራዎች ሁሉ የከበረ መሆኑን ያልተረዳ ሰው ካለ፣ ወደዚህ ድርጅት ጎራ ብሎ ይማር። ድርጅቱ የሰዎችን ፎቶ፣ ጽሑፍና ልዩ ልዩ ፋይል በኢንተርኔት ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ሠራተኞቹም ደንበኞቹም "ጎተራው" ይሉታል። አቀማመጡ ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይደለም። የእያንዳንዱ ደንበኛ ፋይል ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ ቁልፉም እዚያው ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፋይሉን ሌባ አያየውም፣ ጎረቤት አያየውም፣ የትዳር ጓደኛ አያየውም፣ ድርጅቱ ራሱም አያየውም። አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱም አያየውም፤ ይህ ግን የጥበቃውን ጥራት ያሳያል እንጂ እንደ ጉድለት የሚቆጠር አይደለም።

በመግቢያው ግድግዳ ላይ ሁለት ጥቅሶች በትላልቅ ፊደላት ተሰቅለዋል። አንደኛው "ካፍ ከወጣ አፋፍ" የሚለው የአባቶች ቃል ነው። ሁለተኛውን ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው የደረሱት ሲሆን "ሁለት በር ያለው ጎተራ የሌባ ነው" ይላል። በዚህ ጥበብ መሠረት ወደ ጎተራው የሚያስገባው ፕሮግራም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ሊኑክስ የሚባለውን፣ በነፃ የሚገኘውን ሌላ ሲስተም ኮምፒውተራቸው ላይ የጫኑ ሰዎች በር የላቸውም። በር የሌለው ሰው ደግሞ ደጅ መጥናት እንጂ ማማረር አያምርበትም።

በጎተራው ስልክ እያነሳች ለደንበኞች መልስ የምትሰጠው አንዲት እናት ናት። ስሟን ሁሉም ረስቶታል፤ ከአፏ በማይለየው ቃል "አያድርስ" ይሏታል። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳለች። ስለ ኮምፒውተር ግን ምንም አታውቅም፤ የተቀጠረችውም በዚህ ብቃቷ ነው። የማያውቅ ሰው ምን ምስጢር ያወጣል? አያድርስ በዚህ ዓለም የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ነገር በመንገድ ላይ መሆኑን። ልጇ ስልክ ካላነሳች ሆስፒታል ገብታለች ማለት ነው። ካነሳች ደግሞ "ድምፅሽ ምን ሆነ?" ትላታለች።

በሥራዋ ላይ ግን የተረጋጋች ናት፤ የምትለው ተጽፎ ተሰጥቷታልና። ከሚደውሉት ብዙዎቹ ሊኑክስ የሚጠቀሙ ናቸው።

"ለሊኑክስም ፕሮግራም ሥሩልን።"

"ጥያቄዎን በሐሳብ መስጫ ሣጥኑ ያስገቡ።"

"ሣጥኑ የት ነው?"

"ፕሮግራሙ ውስጥ።"

"ፕሮግራሙ እኮ ሊኑክስ ላይ አይሠራም።"

"እሱኑ ነው በሣጥኑ የሚያስገቡት። ጥያቄዎን ተቀብለናል። ምስጢርዎን ስለምናከብር ግን ረስተነዋል።"

በየወሩ መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ሣጥኑን በሠራተኞች ፊት ይከፍታሉ። ውስጡ ስለ ሊኑክስ ያነሳ አንድም ሰው ተገኝቶ አያውቅም። "ቅሬታ አልቀረበም" ይላሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ፤ "ረክተዋል።" ሠራተኛውም ያጨበጭባል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አያድርስ ግን የደረሰባትን ነገር ፈርታው አታውቅም ነበር።

ልጇ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ሥራዋ የአንድ የጤና ጣቢያ ንድፍ ሲሆን፣ ሙሉ ዓመቱን ዓይኗ እስኪቀላ ስትሥለው ከርማለች። ቀደም ሲል ንድፉ ላፕቶፑም ላይ፣ ፍላሽም ላይ ነበር። እናቷ ግን እንቅልፍ አጣች። ፍላሽ ይጠፋል፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ ቤት ይቃጠላል፣ አያድርስ። ሌባ ቢያገኘውስ? በንድፉ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ አግብቶ ይወልድበታል። ስለዚህ ጨቅጭቃ፣ አኩርፋ፣ እራት አልበላም ብላ ንድፉን ጎተራው አስገባችው፤ ሌላው ቅጂም ሁሉ ተደመሰሰ። እሷም እንቅልፍ ተኛች። ከምድር እስከ ሰማይ ሁሉንም ስትጠረጥር የራሷን መሥሪያ ቤት ብቻ ሳትጠረጥር ቀረች።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ልጇ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"እማ፣ አትደንግጪ።"

አያድርስ ወዲያው ደነገጠች። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ላፕቶፑ አርጅቶ ዊንዶውስ መሸከም አቃተው፤ ጓደኛዬ ሊኑክስ ጫነችልኝ። አሁን ይበራል።"

"ታዲያ ይብረራ። ምን ያስደነግጣል?"

"ንድፉ ያለው ጎተራው ውስጥ ነዋ። ፕሮግራማችሁ ሊኑክስ ላይ አይጫንም።"

"በጓደኛሽ ኮምፒውተር ክፈቺዋ።"

"ሞክሬያለሁ። 'ይህ ኮምፒውተር እንግዳ ነው፤ ከለመድነው ኮምፒውተርሽ ላይ ሆነሽ አዎ እኔ ነኝ በይ' ይለኛል። የለመዱት ኮምፒውተር ደግሞ ይኸው ነው።"

"ዊንዶውሱን መልሺበታ።"

"መልሼበት ነበር። እየተንፈራገጠ ከርሞ ይጠፋል። ዓርብ ነው የማስረክበው እማ። ዓርብ ካላስረከብኩ ዓመቱን መድገሜ ነው።"

አያድርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ለምን ቢሮ አልደወልሽም ታዲያ?"

"ደውያለሁ።"

"ማን አነሳው?"

"አንቺ።"

አያድርስ የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች።

"ምን አልኩሽ?"

"በሣጥኑ አስገቢ አልሽኝ።"

"ድምፅሽን አላወቅኩትም ይሆናል።"

"አውቀሽዋል። 'ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?' ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከዚያ ረስተነዋል አልሽና ዘጋሽው።"

በማግስቱ አያድርስ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። የቢሮው መጋረጃ ሁልጊዜ እንደተጋረደ ነው። ስማቸው የተጻፈበት የጠረጴዛ ሰሌዳ እንኳ ለጥንቃቄ ሲባል ወደ ራሳቸው የዞረ ነው።

"ጋሼ፣ የሊኑክስ ነገር መላ ይፈለግለት።"

"ሊኑክስ የሚጠቀም ደንበኛ የለንም።"

"አለች። ልጄ ናት።"

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጆሮዎቻቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። "ልጅሽ ደንበኛችን መሆኗን ማወቅ አይገባኝም። አልሰማሁም።"

"ነገርኩዎት እኮ።"

"ለእሷ ክብር ስል አልሰማሁም።"

"ዓርብ ካላስረከበች ዓመቷ ይበላል፤ ልጄ ከጓደኞቿ ተለይታ ትቀራለች።"

ጨካኝ ሰው አይደሉም። እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው ጥቂት አሰቡና፣ ታላላቅ ሰዎች ልባቸው ሲነካ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ኮሚቴ አቋቋሙ። የሊኑክስ ተጠቃሚዎችን መኖር አለመኖር አጣሪ ኮሚቴ ይባላል። ሰብሳቢው ራሳቸው፣ አባሏ አያድርስ፣ ጸሐፊው ደግሞ ዝምታ የተባለው ቴክኒሻን ናቸው። ዝምታ ምድር ቤት ከማሽኖቹ ጋር የሚውል፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነው። ጠይቀውትም አያውቁም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሕንፃው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደንበኞች በሙሉ፣ ነገ ጠዋት ማንነታችሁን ሳትገልጹ በአካል ቀርባችሁ መኖራችሁን እንድታስረዱ" ይላል። የደንበኛን ማንነት ማወቅ ክልክል ስለሆነ፣ ለሚመጣው ሁሉ ራሱ ላይ የሚያጠልቀው የወረቀት ከረጢት ተዘጋጀ።

ሐሙስ ጠዋት ሰልፉ ከአዳራሹ ተነስቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ይዞ ሄደ። ሁሉም ከረጢት አጥልቋል። አያድርስ ኮሚቴነቷን ረስታ መቀስ ይዛ በሰልፉ መሃል ትሯሯጣለች፤ ታፍነው ይሞቱብኛል ብላ የመተንፈሻ ቀዳዳ ታሰፋለች። አንዷ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አየችና ቆመች። ራሷ ናት የገዛችላት።

"ኮትሽን ዝጊ፣ ብርድ ነው" አለች በሹክሹክታ።

"እማ፣ አላውቅሽም" አለ ከረጢቱ።

"እኔም አላውቅሽም። ኮትሽን ዝጊ።"

ኮሚቴው መርምሮ ለውሳኔ ተቀመጠ።

"እንደተመለከትኩት" አሉ ሰብሳቢው፣ "ሁሉም ጭንቅላታቸው አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው እየዞረ እየገባ ቢሆንስ?"

"ጋሼ፣ ሰልፉ እኮ እስከ መንገዱ ድረስ በአንድ ጊዜ ቆሞ ነበር" አለች አያድርስ።

"በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ መቆም የሊኑክስ ጠባይ ሊሆን ይችላል። እኛ ምን እናውቃለን? ዝምታ፣ ጻፍ። የተጠቃሚዎቹ ብዛት ከአንድ የማይበልጥ፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።" ከዚያ ለጥንቃቄ ያህል ጠየቁ። "ለመሆኑ ይህ ሊኑክስ የሚባል ነገር እኛ ግቢ ገብቶ ያውቃል?"

"ጎተራው የቆመው በእሱ ላይ ነው" አለ ዝምታ።

"ምን አልክ?"

"ምድር ቤት ያሉት፣ ፋይሉ ሁሉ የተከማቸባቸው ማሽኖች፣ በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝም።"

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው አመድ መሰለ። ያልተፈቀደ ሲስተም፣ ያውም በገዛ ቤታቸው። "አሁኑኑ ይጥፋ" አሉ።

ዝምታ ምድር ቤት ወርዶ አጠፋው። ከሕንፃው ሥር ቀን ከሌት የሚሰማው የማሽን ጉርምርምታ ቀጥ አለ። ጎተራው በዚያች ቅጽበት ከምስጢር አጠባበቅ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደረሰ፤ ማንም ሰው ምንም ነገር ማየት አይችልም። ሥራ አስኪያጁም እፎይ ብለው ቢሯቸው ገቡ። ባለ አክሲዮኖቹ ለዓመታዊው ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ መሰብሰብ ጀምረዋል፤ ንግግራቸውን ሊያነቡ ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ።

የአያድርስ ስልክ ጮኸ።

"ንግግሬ አልወጣ አለኝ።"

አያድርስ ድምፁን አውቃዋለች። ከእሷ በፊት የነበረችው መልስ ሰጪ አንድን ደንበኛ በድምፁ አውቃ "እንዴት ነዎት" በማለቷ ተባርራለች፤ ስለዚህ ከተጻፈላት ዝንፍ አላለችም። "ጥያቄዎን በሣጥኑ ያስገቡ።"

"ሣጥኑም አይከፈትም። እኔ ነኝ እኮ።"

"ማን እንደሆኑ ማወቅ አይገባኝም። አዎ እኔ ነኝ ለማለት የለመድነውን ኮምፒውተር ይጠቀሙ።"

"አያድርስ፣ እባክሽ። ሰዎቹ ተቀምጠዋል።"

"እባክሽ" ሲሏት ልጇ ትዝ አለቻት። "ጋሼ፣ ያጠፉት ሊኑክስ ነው። እሱ ካልተፈቀደ የእርስዎም ንግግር የልጄም ንድፍ እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል።"

"ተፈቅዷል" አሉ። ዝምታንም አስጠርተው ይህንኑ ነገሩት። እሱ ማሽኖቹን አስነስቶ፣ ንግግሩን ከራሳቸው ኮምፒውተር አትሞ ሰጣቸውና አልሄደም።

"ምን ቀረህ?"

"ከተፈቀደ በሩንም ልክፈተው?"

"የምን በር?"

"የሊኑክሱን ፕሮግራም። ሠርቼ ከጨረስኩት ቆየ።"

አያድርስ ተከትላው መጥታ የቢሮው በር ላይ ቆማ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አትናገርም?"

"ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ።"

ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን አነሱ፤ ከአዳራሹ ጭብጨባ ይሰማል። "ክፈተው። ግን ደንባችን እንዳይጣስ" አሉና ሄዱ። በስብሰባውም ላይ፣ ድርጅታቸው የደንበኛን ፍላጎት ደንበኛው ሳይጠይቅ የሚያውቅ መሆኑን ገልጸው ብዙ ተጨበጨበላቸው።

ማታውኑ ንድፉ ልጅቷ ላፕቶፕ ላይ ወጣ፤ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የሕሙማን መቀበያው፣ አንድም ሳይጎድል። ዓርብ አስረከበች። አያድርስ ንድፉን ፍላሽ ላይ አስገልብጣ፣ ፍላሹን ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ተኝታም አልፈታችውም።

በወሩ መጨረሻ ሣጥኑ በሠራተኞች ፊት ተከፈተ። ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የሚያመሰግነው፣ የሚያማርረው፣ ቀለሙ አላማረኝም የሚለው ሁሉ የሊኑክስ ተጠቃሚ ነው።

"ከዊንዶውስ ተጠቃሚ የመጣ የለም?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"አንድም የለም" አለ ዝምታ። በር አንድ ነውና፣ አዲሱን የከፈተ ዕለት አሮጌውን ደፍኖታል። ይህን ግን የጠየቀው የለም።

"እንግዲያውስ" አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ "ዊንዶውስ የሚጠቀም ደንበኛ እንደሌለን ተረጋግጧል።" ሠራተኛው አጨበጨበ። የአያድርስ ስልክ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጩኸቱን አላቋረጠም።

ከስብሰባው ወጥታ አነሳችው።

"አንድ ደንበኛ ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰው። "ዊንዶውስ ነው ያለኝ። በሩ እንቢ አለኝ።"

አያድርስ ቀና ብላ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አየች። መጋረጃው ተጋርዷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ፣ አንገቱን የሰበረ ጥላ ይታያል። እጇ ወደ ሻርፗ ጫፍ ሄዶ ቋጠሮውን ዳሰሰ። አለ።

"ጥያቄዎን ተቀብለናል" አለች። "ምስጢርዎን ስለምናከብር ግን ረስተነዋል።"