የአይጧ ጭንቀትና የዘነበች ጥያቄ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ተረት ማን እንደ ተረተው አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን ግን የተወጋ ሰው ቤት ገብቶ ያደረ አይመስለኝም። እኔ አድሬበታለሁ። የተወጋ ይረሳል። እንዲያውም እናንተ «አይረሳም» ብላችሁ የምትምሉለት ሰው፣ ድስት ጥዶ የሚረሳው፣ ቁልፍ በእጁ ይዞ ቁልፍ የሚፈልገው፣ የጎረቤቱን ስም ሊጠራ አፉን ከፍቶ ስሙ መንገድ ላይ የሚጠፋበት እሱ ራሱ ነው። የቀድሞ ሰዎች ለዚህ ለዚህ አብሾ የሚሉት የዕፅ መጠጥ ነበራቸው አሉ። የቆሎ ተማሪው ትምህርቱ አልያዝለት ሲል ይጠጣውና ወይ ሊቅ ይሆናል፣ ወይ ያብዳል። መሃል የለውም።

እኔ ሽሮ ሜዳ ከመርገጫው ጉድጓድ እግሬን ከትቼ ልጆች ያሳደግሁ ሸማኔ ነኝ። እኔ የሸመንሁትን ባለቤቴ ዘነበች ትሸጣለች። ስለ እሷ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር፣ ደንበኛዋን ከሦስት ዓመት በኋላ ብታገኛት «ያቺ አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ እንዴት ሆነች?» ብላ የምትጠይቅ ሴት መሆኗን ነው። ደንበኛይቱ ነጠላዋን ረስታታለች፤ ዘነበች ግን ጥለቷን ታስታውሳለች።

ከዚያ እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ሞተ። አርባው ወጣ፣ ሰማንያውም ወጣ፣ ሐዘኑ ግን አልወጣም። እንቅልፍ ራቃት። ምግብ አስጠላት። ነገር መያዝ አቃታት። ትልቋ ልጃችን ቤተልሔም ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው በዚያው ዓመት ነበር። ዘነበች አብራን ሄዳለች፣ እልል ብላለች፣ ፎቶው ላይም አበባ ታቅፋ ከመሃል ቆማለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ስሰቅል አጠገቤ መጥታ ትክ ብላ አየችውና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔም ሄጄ ነበር?»

ቤተልሔም በር ላይ ቆማ ሰምታለች። በማግስቱ እናቷን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ የቆየ ሐዘን በሽታ ሆኖ ይቀራል አለና እንክብል አዘዘ፤ ለውጡም በሳምንታት እንጂ በቀናት እንደማይታይ ነገራቸው። ጎረቤቱ ደግሞ ጸበል አለ፣ ወደ እንጦጦም አወጣናት። ሁለቱንም በእምነት ወሰደች። እያደርም ተሻላት። የትኛው እንደ ሠራ ለመዳኘት እኔ ማን ነኝ፤ ሁለቱም አልተጣሉም።

ቤተልሔም ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው ጥናት ይኸው ሆነ። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ጭንቀት ሲበረታ አእምሮ ውስጥ የፕሮቲን ሥራ ይቀዘቅዛል ስትል ሰማሁ። እኔ የያዝሁት ፕሮቲን የምትለዋን ብቻ ነው። በማግስቱ ከአዲሱ ገበያ እንቁላልና ጉበት ተሸክሜ መጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት እንቁላል፣ ማታ እንቁላል ሆነ። ዘነበች እንደ ዶሮ ልታስካካ ትንሽ ነበር የቀራት።

በኋላ ልጄ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ፕሮቲኑ በአፍ የሚገባው አይደለም፤ አዲስ ነገር ባየንና በሰማን ቁጥር አእምሮ ራሱ እየሠራ ነገሩን የሚያጸናበት ነው። ጭንቀት ሲሰነብት ሥራው ይዳከማል። አንዳንዱ ሕክምናም ያዘገየዋል፣ ሌላው ደግሞ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። እሷ የምታጠናው ይህን በአይጥ ላይ ነው፤ አይጧን ታስጨንቃለች፣ ከዚያ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ከዚያ የተማረችውን መያዟን ታያለች። እዚህ ላይ ነገሩ አልገባኝም አልኳት። ድሬንና ማጌን እየቆረጠች ሰውን የምታስጨንቀውን ፍጥረት፣ አስጨንቆ ማከም ምን ይባላል?

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈና «ዲፌንስ አለብኝ» አለች። ከማን ጋር ተጣልታ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ለካ ጥናቷን በመምህራን ፊት አቅርባ የምትፈተንበት ቀን ነው። እኔ ጋቢዬን፣ ዘነበች ለዚሁ ቀን የሸመንሁላትን ቀሚስ ለብሰን ጳውሎስ አካባቢ ወዳለው አዳራሽ ወረድንና ከኋላ ተቀመጥን። ፊት ለፊት ሦስት መምህራን አሉ። ነገሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ እንደ ምንጭ ውኃ ፈሰሰች፤ እኔም ሰዉ ራሱን ሲነቀንቅ እየጠበቅሁ ራሴን ነቀነቅሁ።

ስትጨርስ ከሦስቱ በዕድሜ የገፉት ፕሮፌሰር አንዲት አጭር ጥያቄ ጣል አደረጉ። ቤተልሔም አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ወረቀቷን አገላበጠች፣ ጣሪያውን አየች፣ እኛን አየች። ጭንቀት አእምሮን እንዴት እንደሚይዝ ሁለት ዓመት ያጠናች ልጅ፣ በጭንቀት ተይዛ ቆመች። እንግሊዝኛ አለማወቄን ያን ጊዜ ጠላሁት፤ ምን እንደ ጠየቋት እንኳ አላውቅም።

መድረኩን የሚመሩት ሴት መምህር ውኃ እንድትጠጣ ነገሯትና፣ ፋታ ሊሰጧት ፈልገው ሳይሆን አይቀርም፣ ከእንግዶች ጥያቄ ያለው ካለ ብለው በአማርኛም ደገሙት። ዘነበች እጇን አወጣች። ነጠላዋን ጎተትሁ። ነጠላው መጣ፣ እሷ ግን ተነሳች።

«ይጠይቁ፣ እናቴ» አሉ መምህሯ።

«እንግሊዝኛውን አልሰማሁም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ዘነበች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ያች አይጥ መድኃኒቱን ከወሰደች በኋላ፣ በጭንቀቷ ጊዜ ያለፋት ነገር ይመለስላታል? ወይስ እሱ ቀርቶ የሚመጣውን መያዝ ነው የምትችለው?»

በዚያ አዳራሽ አይጧ ማን እንደሆነች የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ቤተልሔም ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«በኔ ጥናት እንዳየሁት አይመለስላትም፣ እማዬ» አለች። «ያን ጊዜ አእምሮዋ ማጽኛውን አልሠራም። ስለዚህ ጠፋባት አይባልም፤ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም። ጥፋቷም አይደለም። ከተሻላት ወዲህ የምታየውን ግን ትይዛለች። ዛሬን ትይዛለች።»

«እሺ፣ ይበቃኛል» ብላ ዘነበች ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አወለቁና ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ተናገሩ። «እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ለእናትሽ የመለስሽውን ለእኔም በእንግሊዝኛ ንገሪኝ።» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ልጄም ሳቀችና ያው ምንጭ እንደገና ተከፈተ። አለፈች። ማለፏን የነገሩን በእንግሊዝኛ ነበር፤ ዘነበች ግን ማንም ሳይተረጉምላት እልልታውን ለቀቀችው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እግሩ የገባ ሰው ሁሉ ያን ቀን ሳይሰማ አይወጣም። ፕሮፌሰሩ ምን ዓይነት ክራቫት እንዳደረጉ፣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ስንት ጊዜ እንዳዛጋች፣ ታክሲ ውስጥ ማን ቦታ እንደ ለቀቀላት፣ አንድም አይቀራትም። እኔ ስለ ራሴ ለእናንተ የዘለልኋትን ነገር እንኳ አትዘልም፤ ባሏ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፍኖ እንደ ሕፃን መንሰቅሰቁን ከነ አፍንጫዬ ድምፅ ትተርካለች። ጉንፋን ይዞኝ ነበር ብዬ ላስተባብል እሞክራለሁ።

«ምን ጉንፋን? እኔ የምረሳ ይመስልሃል?» ትለኛለች።

ሳይንሱም እኮ ከእሷ ጋር ነው።