አሰጋጁ ጉድጓድ

ጉድጓድ ስም ሲወጣለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኛው ወጥቶለታል። «አሰጋጁ» ይባላል። ከሰፈራችን ከኮርነርስቶን ወጥታችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ስትሄዱ፣ የከተማው ወሰን አልቆ የካውንቲው፣ የገጠሩ ወረዳ ማለት ነው፣ የሚጀምርበት ላይ ነው የተኛው። በዚያ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ግንባሩን መሬት ደፍቶ ይነሣል። ኦርቶዶክሱ ይሰግዳል። ከኛ አለፍ ብሎ አዳራሽ ያላቸው ጴንጤዎችም ይሰግዳሉ። ምንም የማያምነውም ይሰግዳል፤ እሱም የጌታን ስም ይጠራል፣ አጠራሩ ግን እንደኛ አይደለም።

እትዬ የሺ ባይኖሩ ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር። ጎረቤቴ ናቸው። ወገባቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ቅዳሴ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። አንድ እሑድ አሰጋጁ ላይ ስንወድቅ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቤታቸው ሳደርሳቸው፣ «ተሰማ ልጄ፣ ከእንግዲህ ቤቴ ሆኜ እጸልያለሁ፤ ወገቤ አልቻለም» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ያስቀደሱ ሴት በአንድ ጉድጓድ ምክንያት ይቅሩ?

እኔ የቆጠርኩት ፊደል ለጸሎትና ለመንጃ ፈቃድ ያህል ነው። ስለዚህ ልጄ ሳራ ኮል አደረገችልኝ። ከተማው፣ የካውንቲው ነው አለ። ካውንቲው፣ የከተማው ነው አለ። ሦስተኛም አለ፣ ፕሮቪንሱ፣ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት፤ እሱ የማግዘው ሁለቱ ሲስማሙ ነው አለ። ስሜ ተሰማ ነው፤ ያን ቀን ግን አልተሰማሁም።

«አባዬ፣ ኮስቱን ሼር እስኪያደርጉ ዌይት ማድረግ አለብን» አለች ሳራ።

ሼር ማድረግ ምንድነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና «መካፈል» አለችኝ።

ይኸው፣ ስህተቱ ተገኘ። እኛ ዘንድ መካፈል ሌላ፣ ማዋጣት ሌላ። የሚካፈል እጁን ዘርግቶ ይመጣል፤ የሚያዋጣ እጁን ኪሱ ከትቶ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ለመካፈል ተቀጣጥረው ሁሉም እጁን እንደዘረጋ ተቀምጧል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? ለሦስት መንግሥት አንድ ሎሚ ከበዳቸው። ታክሱን የምከፍለው ደግሞ እኔው ነኝ። ያለኝ አንድ ኪስ ነው። ከሱ ሲወስዱ ወሰን የሚባል ነገር አያውቁም፤ ወሰኑ ትዝ የሚላቸው ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። እኔ መቼ ሰማይ ልረስ አልኩ? መሬት ልድፈን ነው ያልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በከረጢት የሚሸጠውን አስፋልት አዋጥተን ገዝተን አካፋ ይዘን ወጣን። መሙላቱ አላስቸገረም። መጠቅጠቂያው ግን ከየት ይምጣ? መዘምራኑ በሽብሸባ ሞከሩት። ሽብሸባ ለስላሳ ነገር ነው፤ አስፋልቱ ከምንም አልቆጠራቸውም። ይኼኔ ጴንጤዎቹ ከአዳራሻቸው ወጡ። እናንተ ስታመሰግኑ ትዘሉ የለም እንዴ፣ እስቲ ኑ አልኳቸው።

«ጋሼ ተሰማ፣ ስንት ዓመት በዝላያችን ሲስቁብን ኖረው ዛሬ ፈለጉን?» አለኝ አንዱ ጎረምሳ።

ዛሬ አልስቅም፣ ዝለል አልኩት። ዘለለ። ሁሉም ዘለሉ። ድንጋይ አደረጉት።

በሳምንቱ እትዬ የሺን በስንት ልመና ይዣቸው ስሄድ፣ ከወዲህ የከተማው መኪና፣ ከወዲያ የካውንቲው መኪና ቆመዋል። ድፈኑ ሲባሉ የኛ አይደለም ያሉት፣ እሑድ ጠዋት ሰው ተገኝቶላቸዋል። ልክ የደፈንነው ላይ አስቆሙኝና «መንገዳችንን የነካው ማነው?» አሉ። ሁለቱም «መንገዳችንን»። አባት አጥቶ የኖረ ጉድጓድ፣ ሲደፈን ሁለት አባት ወጣለት።

እኔ ነኝ አልኳቸው በዚያችው እንግሊዝኛዬ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ ወደ ነበረበት መልሱት አሉኝ። ደስ ይለኛል አልኩ፣ አካፋው ኋላ ተጭኗል፣ ጉድጓዳችሁን እመልስላችኋለሁ፤ ግን በየድርሻችሁ ነው፣ ከማን በኩል ልጀምር?

ተያዩ። ከዚያ ወሰኑ በየት እንደሚያልፍ ለመፈለግ፣ ከመኪናዬ ፊት አስፋልታችን ላይ ሁለቱም አጎነበሱ።

እትዬ የሺ ከኋላ ወንበር፣ «ተሰማ፣ ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ንገረኝ፣ ወገቤን ልያዝ» አሉ።

«እላዩ ላይ ነን እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምነው አልሰገድንም?»

በመስታወቱ ወደ ፊት አሳየኋቸው። «የዛሬው ተራ የነሱ ነው።»