ሲኞር ቴዎባልዶና የመበለቷ የዕፅዋት መጽሐፍ

ጥንታዊ መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ይህን የምለው በክፋት አይደለም፤ ፓዶቫ ከተማ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት አሮጌ መጽሐፍ ስሸጥ ኖሬ የደረስኩበት ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገውን መጽሐፍ ካየ ፊቱን አዙሮ ሌላውን ያገላብጣል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ሊሄድ ኮፍያውን ያነሳል። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ፣ ድንገት ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ «ያቺ እንኳ ምንድን ነበረች?» ይላል።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ የአቧራው ሊቀ ጳጳስ፣ ክቡር ሲኞር ቴዎባልዶ ዞርዛን ናቸው። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። የሚሰበስቡት የኅትመት ሥራ ገና ጨቅላ ሳለ የታተሙትን ብቻ ነው። ከ1500 ወዲህ የታተመውን ሁሉ «ጋዜጣ» ይሉታል።

መጽሐፍ አያነቡም፤ ያሸታሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን ገጾቹ መሃል ይከቱና «ቬኒስ። ምድር ቤት ኖራለች። ባለቤቷ ቄስ ነበር፤ ሻማ ይወድ ነበር» ብለው ይፈርዳሉ። አርባ አንድ የላቲን መጽሐፍ አላቸው፤ ላቲን በማወቅ ግን የሰፈራችን ቄስ ድመት ትበልጣቸዋለች። ብል የበላቻትን ቀዳዳ አይተው «ይቺ ብል የተማረች ናት፤ ሥዕሉን አልነካችም» ሲሉም ሰምቻለሁ።

የምግብ ጠረጴዛቸውን መጻሕፍቱ ከወረሱት ቆይቷል። ባልና ሚስት የሚበሉት ልብስ መተኮሻው ሰሌዳ ላይ ነው። ሚስታቸው ሲኞራ ኦርተንሲያ አንድ ቀን ሱቄ መጥተው «መጽሐፍ ሊነካ ሲል እጁን ሦስት ጊዜ ይታጠባል» አሉኝ። «እኔን ሊነካ ሲል ግን ከዓሣ ገበያ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው።»

ሲገዙ ደግሞ መጽሐፏን ሳይሰድቡ አይገዙም። «ጎደሎ ናት!» ይላሉ አንድም ገጽ ሳይገልጡ። «ብል የጨረሳት ናት! ለሽንኩርት መጠቅለያም አትሆን!» ሻጩ ይቆጣል፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ ከሰዓት በኋላው በጭቅጭቅ ያልቅና መጽሐፏ በርካሽ እሳቸው ብብት ትገባለች።

ባለፈው መጋቢት ግን ጨዋታውን የማታውቅ ሰው ገጠመቻቸው።

ከኮረብታው መንደር የመጣች፣ ኢሶሊና የምትባል መበለት ነበረች። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ መደርደሪያ እጠርጋለሁ፤ ሲኞር ቴዎባልዶ ታች ተቀምጠዋል። ሴትየዋ ከጎመን መግዣ ዘንቢሏ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። ባለ ሱቁ እሳቸው መስለዋታል።

«ባሌ ከአያቱ የወረሳት ናት። ጣሪያዬ እያፈሰሰ ነው፤ ምናልባት ለክዳኑ ትሆነኝ እንደሁ ብዬ ነው።»

ሲኞር ቴዎባልዶ ገለጡ። የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ነው፤ በእንጨት ቅርጽ የታተሙ ሥዕሎች፣ ቬኒስ፣ 1491። አላሸተቱም። ገጾቹን አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው አዩ። ጆሮአቸው እንደ ቲማቲም ቀላ። ከዚያ የሃምሳ ዓመት ልማድ ቀደማቸውና አፋቸው በራሱ ተናገረ፦

«ጎደሎ ናት። ብል የጨረሳት ናት። ለሽንኩርት መጠቅለያም አትሆን።»

ሴትየዋ አልተቆጣችም። «እኔም ጠርጥሬ ነበር። አደከምኩዎት፣ ይቅርታ» አለችና መጽሐፏን ዘንቢሉ ውስጥ መልሳ ወጣች።

እኔስ? ከመሰላሉ ላይ ሁሉን አይቻለሁ። ነገ ተስፋ ቆርጣ በርካሽ ታመጣልኛለች ብዬ አፌን ዘጋሁ። ይህን በኩራት አይደለም የምጽፈው።

ሲኞር ቴዎባልዶ በሩ እስኪዘጋ በዓይናቸው ሸኟት። ከዚያ ወንበሩን ገልብጠው፣ ኮፍያቸውን ትተው ሮጡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከመሰላል ወርጄ ስከተላቸው መበለቲቱ አደባባዩ ጫፍ ላይ፣ የቆሻሻ ወረቀት መጣያው ዘንድ ደርሳ በአንድ እጇ መጽሐፏን ይዛ በሌላው የመጣያውን ክዳን አንስታለች።

«ሲኞራ! በእመቤታችን ይሁንብዎ! ይተዉ!»

«ምን ሆኑ ጌታዬ? ልብዎ ነው?»

«ዋሽቼዎት ነው» አሉ፣ እያለከለኩ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሙሉ ናት። እንዲህ ያለች አይቼም አላውቅ።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አሉኝ?»

«ልማድ ነው።»

«ይህን ሁሉ ሽበት ተሸክመው?» አለች መበለቲቱ። አንገታቸውን ደፉ። ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው። «ለመሆኑ ጣሪያዬን ታሠራልኛለች?»

«ጣሪያውንም፣ ቤቱንም፣ የጎረቤትዎንም ቤት።»

«እንግዲያው እርስዎ ይግዙኝ።»

«አቅሜ አይደለም፣ ሲኞራ» አሉ፣ ያለ ማደንዘዣ ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው። «ሚላኖ ጨረታ ላይ ትሸጣለች። እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ።»

አደረሷትም። ባቡር ውስጥ መጽሐፏን በፎጣ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ተቀመጡ፤ መበለቲቱ ለስንቅ የያዘችውን ቅቅል እንቁላል አጠገባቸው እንዳትልጥ ከፓዶቫ እስከ ሚላኖ ከለከሏት። መጽሐፏን አንድ ቤተ መጻሕፍት ገዛት። በግንቦት መበለቲቱ አዲስ ክዳን አስመታች። ሲኞር ቴዎባልዶ ደግሞ፣ ሲኞራ ኦርተንሲያ እንደነገሩኝ፣ ከሚላኖ ተመልሰው ለሦስት ቀን ያህል አንዲትም መጽሐፍ አላሸተቱም።

በአራተኛው ቀን ሱቅ መጡ። ደፈር ብዬ «ይጸጸታሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በየቀኑ ነዋ! ከምሳ በፊት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ» አሉና አንዱን ድርሳን ይሰድቡ ጀመር።

ለሃያ ሁለት ዓመት፣ እኚህ ሰው ሱቄ ውስጥ ካሉ ጀርባዬን አዙሬ አላውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት የሱቄን ትርፍ ቁልፍ ሰጠኋቸው።