ሠላሳ አንድ ጠብታ

በየቤተሰቡ ቀምሶ የማያምን፣ ካልለካ የማይውጥ አንድ ሰው አለ። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው። በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት ክቡርነታቸው አማቼ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ከትምህርት ቤት በጡረታ ወጡና ወደ ኩሽናችን ገቡ።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ድንች የተቀቀለበት ውኃ ላይ የቁስል አዮዲን ጠብ ያደርጋሉ፤ ውኃው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ በባዶ የዓይን መድኃኒት ጠርሙስ ጭማቂውን እየቆጠሩ ያንጠባጥቡበታል። ቫይታሚን ሲ ሰማያዊውን ያጠፋዋል፤ በጥቂት ጠብታ ካጠፋው ምግቡ አለፈ፣ ብዙ ከፈለገ ወደቀ። ቃሪያ አልፏል። ጥቅል ጎመን ጥሬውን አልፎ ተቀቅሎ ወድቋል። ለጉንፋኔ የገዛሁት ሎሚ በፈተና አለቀና ጉንፋኔ ያለ ሎሚ ዳነ። «ምላስ ይዋሻል፣ ጠብታ አይዋሽም» ይላሉ፤ እኛም ማንኪያችንን ይዘን ውጤት እንጠብቃለን።

አዮዲኑ ዕቃችንን ሁሉ አበለዘው። አጣቢው እኔ ነኝና፣ የሚወዱትን ነጭ ኩባያ በየቀኑ በረኪና ውስጥ እዘፈዝፈው ጀመር። ንጣቱን አይተው መረቁኝ።

ባለቤቴ ሥራዋን ለቅቃ የጭማቂ ቤት የከፈተች ዕለት አባቷ ጠርሙሳቸውን በኮት ኪሳቸው ይዘው መጡ። ጠዋት ቤት ውስጥ በዚያ ኩባያ አንድ ብርቱካን ፈትነው ነበር፤ ሦስት ጠብታ በቅቶታል። አሁን የልጃቸውን ጭማቂ በሱቁ ብርጭቆ፣ ሰልፈኛው ፊት አንጠባጠቡት። ስምንት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሁለት። ሰልፉም አብሮ ይቆጥራል። ሰማያዊው የጠፋው ሠላሳ አንድ ላይ ነው። አማቼ መነጽራቸውን አወለቁና ጭማቂው ውኃ እንደበዛበት ከልብ እያዘኑ አስታወቁ።

ሰልፉ ተበተነ። ባለቤቴ ግን ብርቱካን ጨመቀች እንጂ አንዲት ማንኪያ ውኃ አልጨመረችም።

«አባዬ፣ እስኪ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን አላናገረቻቸውም። ሱቋ ውስጥ ዝንብ እሽ ስትል ትውላለች፤ እንዲህ ከቀጠለ በወሩ መዝጋቷ ነው።

በአራተኛው ቀን አማቼ በኩባያቸው ሰማያዊ ውኃ አዘጋጅተው ስልክ ሊያነሱ ሄዱ። ሲመለሱ ሰማያዊው የለም። ገና ምንም አላንጠባጠቡበትም። ኩባያውን አሸተቱና ቀና ብለው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በረኪናውን ተናዘዝኩ፤ በደንብ አለማለቅለቄንም ጭምር። ለካ በረኪናም አዮዲኑን ያጠፋዋል፤ የዚያን ቀን ብርቱካን ሦስት ጠብታ የበቃው ኩባያው አግዞት ነው። ወዲያው ሌላ ብርቱካን በንጹሕ ብርጭቆ ፈተኑ፤ እሱም ሠላሳ ፈጀ።

«ኩባያውን ያላለቀለቅከው አንተ ነህ» አሉኝ። «ፈተናውን ሳልደግም የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ።» ኮታቸውን ለበሱ።

በዕድሜያቸው «ተሳስቻለሁ» ሲሉ ተሰምተው የማያውቁት ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ጥፋታቸውን ተናገሩ። የጎረቤት ሱቁ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ፣ ደንበኛውም ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ ወጥተው ሰሙ። አማቼ ስለ በረኪና ጠባይም ማብራሪያ ጨመሩ። ማብራሪያው አርባ ደቂቃ ስለፈጀ የሰሚው ጉሮሮ ደረቀ፤ ጭማቂውም ያን ቀን ተሸጦ አለቀ።

ባለቤቴ ለመጨረሻ ያስቀረችውን ብርጭቆ አቀረበችላቸው። እጃቸው ወደ ኮት ኪሳቸው ገባ። የወጣው መሐረብ ነበር። ላባቸውን ጠረጉና ብርጭቆውን አንስተው በአንድ ጊዜ ጨለጡት።

«ስንት ጠብታ ሆነ?» አለቻቸው።

«አልቆጠርኩም፣ ልጄ።»

ሳቀች። እኔም ወደድኳቸው፤ በፊትም እወዳቸው ነበር፣ ለራሴ አልነገርኩትም እንጂ።