ሰማያዊዋ ክር

[ግንቦት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሮብ ገበያ። ስለ ሸማኔው ካሴ የካቲት 8 ቀን መቀረጽ የጀመረው ፊልም ገና ሳያልቅ ካሴ በማግስቱ አረፈ፤ ዛሬ እንዳለ ሊታይ ነው። የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በካርቶን ተሸፍነዋል። ከደብረ ማርቆስ የመጣው ፊልም ሠሪ መሳፍንትና የአዳራሹ ጥበቃ አያ ደርቤ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ጋቢ ሥር ቆመው ይጨቃጨቃሉ። መሳፍንት መቀስ ይዟል።]

መሳፍንት፦ አንዲት ክር ናት! ጠርዙ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ክር ብቆርጣት ምን ይጎድልብዎታል?

ደርቤ፦ ጋቢው።

መሳፍንት፦ አያ ደርቤ፣ እኔ ስክሪን አምጡ ነው ያልኩት። ነጭ፣ ስፌት የሌለው። ይኸ መሃሉ ላይ ስፌት አለው፤ የሰው ፊት ለሁለት ይከፍላል።

ደርቤ፦ ስፌት ከሌለውማ ፎጣ ነው።

መሳፍንት፦ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ።

ደርቤ፦ እንኳን ደስ ያለህ! የየትኛው ትምህርት ቤት?

መሳፍንት፦ የፊልሙ! የዘጋቢ ፊልሙ ዳይሬክተር!

ደርቤ፦ ማን ላይ ነው የሚዘጋው?

መሳፍንት፦ መዝጋት አይደለም፣ መዘገብ! የሆነውን እንደሆነው መያዝ። ይኸ አራተኛው ነው። ፊተኞቹ በአምበርም በአማኑኤልም ከተማ ታይተው ሕዝብ ተወያይቶባቸዋል። አወያዩም እኔ ነበርኩ።

ደርቤ፦ ዳይሬክተርም አንተ፣ አወያይም አንተ። ለሕዝቡ ምን ቀረው?

መሳፍንት፦ ግብረ መልስ አለ።

ደርቤ፦ መልስ? መልስ የሠርግ ነው። ለሞተ ሰው ተዝካር እንጂ መልስ የት አገር አለ?

መሳፍንት፦ ኧረ በማርያም! አስተያየት ማለቴ ነው። ከዚያ ፊልሙ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል።

ደርቤ፦ የማን ድር ላይ?

መሳፍንት፦ የሁሉም። ዓለም በሙሉ የሚያየው ድር።

ደርቤ፦ ማጉስ?

መሳፍንት፦ ማግ የለውም!

ደርቤ፦ [ራሱን እየነቀነቀ] ካሴ ይህን ቢሰማ በሳቀ። ድር ብቻውን ማንን ያሞቃል?

መሳፍንት፦ ሰው ሳይገባ ልሞክረው። መብራቱን ያጥፉልኝ።

[ይጨልማል። ጋቢው ላይ ካሴ ብብቱ ሥር ጥቅል ይዞ ከደጁ ሲወጣ ይታያል። ስፌቱ አፍንጫው ላይ አርፏል። «ይቺን ላድርስና…» ይላል፤ ምስሉ ቀጥ ይላል። ከድምፅ ማጉያው የመሳፍንት ድምፅ፦ «ካሴ የሰው ፈትል እጁ ላይ እንደቀረ፣ ያልጨረሰውን ሥራ አቅፎ፣ ወደማይመለስበት ሄደ።»]

ደርቤ፦ [መብራቱን አብርቶ] ወዴት ሄደ አልክ?

መሳፍንት፦ ወደማይመለስበት።

ደርቤ፦ ወደ እኔ ነው የመጣው። ተመልሶም ሄዷል።

መሳፍንት፦ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው እንጂ! ጥቅሉ እኮ የትውልድ ሸክም ነው።

ደርቤ፦ ቢበዛ ሦስት ኪሎ ቢመዝን ነው።

መሳፍንት፦ የትውልድ ሸክም?

ደርቤ፦ ጥቅሉ። ለመሆኑ ሸማኔን «የሰው ፈትል እጁ ላይ ቀረ» ማለት እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?

መሳፍንት፦ ያልተፈታ ሕልም።

ደርቤ፦ ሌባ። ሌባ ማለት ነው! ሴት ልጅ ክረምት ከበጋ ፈትላ ፈትሏን ለሸማኔ የምትሰጠው ስለምታምነው ነው። አሁን ሚስቱ ያለምወርቅ መጥታ ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የባሏ የሰማንያ ቀን ተዝካር ገና መውጣቱ ነው። ባሏን አገር ፊት ሌባ ካሰኘህባት በኋላ «ተወያዩ» ልትል ነው?

መሳፍንት፦ ጥያቄውንም አዘጋጅቻለሁ፤ «ከካሴ ምን እንማራለን?» የሚል።

ደርቤ፦ ፈትል ደብቆ መሞት!

መሳፍንት፦ እኔ ከአእምሮዬ አላመጣሁትም! ሰውየው ሥራው ቀርቶ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጨረሰም።

ደርቤ፦ ጨርሷል። ምስሉን ምን ቆረጠው?

መሳፍንት፦ ባትሪ አለቀ።

ደርቤ፦ ምን ጨረሰው?

መሳፍንት፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] የመግቢያ ንግግሬ።

ደርቤ፦ ስንት ደቂቃ?

መሳፍንት፦ አርባ። ስለ ትውልድ ነበር።

ደርቤ፦ ታዲያ ሳይጨርስ የቀረው ማን ነው?

መሳፍንት፦ እሺ፣ ጥቅሉ ውስጥ ምን እንደነበረ እርስዎ በምን አወቁ?

ደርቤ፦ መልሰህ አሳየኝ። [መብራቱን ያጠፋል፤ ካሴ እንደገና ከደጁ ይወጣል።] አቁም! ከብብቱ ሥር ብቅ ያለችውን ጠርዝ እያት።

መሳፍንት፦ [ተጠግቶ] ሰማያዊ ክር… [ዓይኑ ከምስሉ ወደ ጋቢው ጠርዝ ይሄዳል፤ ይመለሳል።] አያ ደርቤ፣ ይኸ ያ ነው?

ደርቤ፦ የሚስቴ የሥራነሽ ፈትል ነው። ፈትላ ሳትጨርስ ሞተችብኝ፤ ለጠርዙ ጎደለ። ካሴ ከራሱ ክር ጨመረበት። ነጭ አልነበረውም። የሰው ፈትል እሱ ላይ አልቀረም፤ የእሱ ክር ነው እኔ ላይ የቀረው።

[ደርቤ መብራቱን ያበራል። መሳፍንት መቀሱን ኪሱ ይከታል። ደጁ ላይ የሰው ድምፅ ይሰማል።]

መሳፍንት፦ ሕዝቡ መጣ! ምን ልበል?

ደርቤ፦ የሆነውን እንደሆነው። ማጉያህን ዝጋና ራስህ አንብብ። ጻፍ፤ የካቲት 8 ቀን፣ ረቡዕ።

መሳፍንት፦ እኔ ማክሰኞ ብዬ ነበር።

ደርቤ፦ ሰውየው ገበያ ወጥቶ ነው እኮ! ሮብ ገበያ በምን ቀን እንደሚቆም ስሙ ላይ ተጽፎልህ የለም?

መሳፍንት፦ [እየጻፈ] ረቡዕ… ካሴ ጋቢውን ለአያ ደርቤ አደረሰ። «ይቺን ላድርስና» ብሎ ነበር። አድርሶ ምን ሊያደርግ?

ደርቤ፦ ጨው ሊገዛ። ያለምወርቅ ልካው ነበር።

መሳፍንት፦ ገዛ?

ደርቤ፦ አንድ ኪሎ። ቤቱም አደረሰ።