ጫካ የገባው ልብስ ሰፊ

ሰው ልቡ አልረጋ ሲለው የማያደርገው የለም። አንዱ ጫቱን ይቅማል፣ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ደግሞ ከጎረቤቱ ይጣላል። ጅማ ለዚህም መላ አታጣም፤ ዝናቡ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ጣሳ ውስጥ የሰኩት ቅጠል ሁሉ ይጸድቃል። በደርግ ጊዜ አልጸድቅ ያለው ሰው ብቻ ነበር።

የጊንጆ ሰፈር ጎረቤቴ ሰዒድ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። ሌሊት በር እያንኳኩ የሰፈሩን ሰው በጅምላ ከወሰዱበት አፈሳ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሩ ይዘላል፤ ስፌቱ እየጠመመበት ስንቱን ሱሪ አበላሸው። ሚስቱ ዘይነባ ቢጨንቃት ሳሎኑን በአትክልት ሞላችው። የዘይት ጣሳ፣ የወተት ጣሳ፣ ቀዳዳ ማንቆርቆሪያ ሳይቀር አፈር ጎረሰ፤ ሐረጉም በመስኮቱ ዞሮ ኮርኒሱን ያዘ። አትሳቁ፣ ሠራ! ሰዒድ እዚያ ቅጠል መሀል ሲቀመጥ ትከሻው ይወርድለታል፤ አንዳንዴም እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም ሰበብ እየፈለግሁ እሄድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ድምፁን ሳይቀንስ የሚያወራበት ሌላ ክፍል አላውቅም።

ደስታ ደግሞ ምላስ ይፈታል። አንድ ቀን ሱቁን በጊዜ ሲዘጋ ደንበኛው «ወዴት ነው?» ቢለው፣ «ጫካ ልገባ ነዋ!» አለው እየሳቀ።

ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ፤ በዚያ ዘመን ጫካ ገባ ማለት ጠመንጃ አንስቶ መንግሥትን ሊወጋ ሄደ ማለት ነው። ደንበኛው አልሳቀም። በማግስቱ የቀበሌ ጠባቂዎች ሰዒድን ከስፌት መኪናው ላይ አንስተው ወሰዱት።

ዘይነባ አላለቀሰችም። ሲነጋ አንዱን ባለ ሰፊ ቅጠል ከነጣሳው ታቅፋ ቀበሌ ገባች፤ እኔም ለምስክርነት ተከተልኳት። ጣሳውን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጫካው ይኸውልዎ! ወላሂ ባሌ የገባበት ጫካ ይኼ ነው። ካላመኑኝ ቀሪውን ቤት መጥተው ይዩት።»

ሰውዬው ነገሩ ሲገባው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዘበኛው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ እኔም በቃ ተፈታ ብዬ ሳቅሁ።

«ታዲያ ይልቀቁልኝ» አለች።

«እሱማ ከኛ እጅ ወጥቷል። ማታውን ለበላይ አካል ተላልፏል» አለ ዓይኑን እየጠረገ። ከዚያ ጣሳውን ብድግ አድርጎ መስኮቱ ላይ አኖረና ራቅ ብሎ አየው። ቢሮው አማረ። «ይኼ እዚሁ ይቀመጥ። ለመሆኑ ውሃ የሚፈልገው በስንት ቀኑ ነው?»

ዘይነባ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳታስቀር አስረዳችው።

«አፈሩን በጣትዎ ይንኩት፤ ከደረቀ ጥቂት ውሃ ይስጡት። ብርሃን አይከልክሉት። ደግሞ አደራዎን፣ ማንም እንዳይመታብኝ።»